እናትህ ለምን አልገላበጥም እንዳሉ

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ። ጠዋት ውርጩ የእንሰቱን ቅጠል ጫፍ አቃጥሎት ነበር፤ አሁን ፀሐዩ ደህና ነው፣ ነፋስም የለም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ እናትህና ጎረቤታችን ከድጃ ነን። እናትህ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከድጃ እግራቸው ሥር ተቀምጣ የቃጫ ገመድ ትገምዳለች። ለማን እንደምጽፍ ገብቷታል፤ አልጠየቀችኝም።

ሽብሩዬ፣ ወዳጄ፣ እንደምን ሰነበትክ አልልህም። አንተ ባለህበት መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ጣልያኖቹ ለመንገድ ሥራ ከወሰዱህ ዓመት አልፏል። ንዳድ እንደገደለህና እዚያው ቆላ እንደተቀበርክ የሰማሁት ደግሞ በሐምሌ ነው።

ወሬህን ያመጣልኝ አብሮህ ድንጋይ ይፈልጥ የነበረ የቡኢ ሰው ነው። ቤት አልገባም። ጓሮ፣ ከእንሰቱ መካከል ቆመን እኔና ከድጃ ብቻ ሰማነው። እሪ ልል አፌን ስከፍት ከድጃ የነጠላዋን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተተችው። «እማማ ትርፌ ይሰማሉ! ወላሂ ይሰማሉ፣ ዝም በይ!» አለችኝ። እውነትም እናትህ ከውስጥ «ማነው የመጣው?» ብለው ተጣሩ። «የእንሰት ችግኝ የሚጠይቅ ሰው ነው» አልኳቸው። ድምፄ እንዴት እንደወጣልኝ እስካሁን ይገርመኛል። እንዲህ ሆኜ ነው ያለቀስኩህ፤ አፌ በጨርቅ ተጠቅጥቆ። ፀጉሬንም አልተላጨሁም፤ ማታ ማታ እናትህ ራሴን ይዳስሳሉና። ከል ግን ለብሻለሁ። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። ፊታቸው ጥቁር ለብሼ ወዲያ ወዲህ ስል ከገዛ ቤቴ የምሰርቅ ይመስለኛል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ፤ ለስንቱ ቤት ጎህ ሳይቀድ ተነስተህ ሄደሃል። ሽማግሌ ከፊት፣ የሚደግፉ ሰዎች ከግራና ከቀኝ፣ ከዚያ ነው ቃሉ የሚወጣው። ለብቻው መርዶ የሚነገረው ሰው የለም፤ ጠላት እንኳ ለጠላቱ አያደርገውም። አሁን ግን ሽማግሌውም ጎልማሳውም መንገድ ሥራ ላይ ነው። መንገዱ ዳር ያለው ኬላ ደግሞ ያለ ፈቃድ ሰው አይሰብሰብ ብሎ አውጇል። በርጋን የመንደር ሹም አድርገውታል፤ አዎ፣ ያን ጣራውን አብረህ የከደንክለትን በርጋ። ሁለት ጊዜ ለመንኩት። «ደስታ፣ ሰው ከተሰበሰበ የሚጠየቀው የኔ አንገት ነው። አዝመራው ይግባና እናያለን» አለኝ። የታችኛው ቤት ብርቄ፣ ምላሷን ታውቀው የለ፣ ይህን ስትሰማ «እሱ ደግሞ አንገት አለው እንዴ? እኔ ከኮፍያው ቀጥሎ ሆዱን ነው የማየው» አለች። ሳቅን። መርዶው ግን ሳይነገር ቀረ።

ስለ እናትህ አያያዝ ልንገርህ፤ ከሁሉ በላይ እሱ እንደሚያስጨንቅህ አውቃለሁ። ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚያነሳቸው ያንተ ክንድ ነበር። አንድ እጅህን ከአንገታቸው ሥር፣ ሌላውን ከጉልበታቸው ሥር አስገብተህ፣ መጀመሪያ ወደ ደረትህ አስጠግተህ ነበር የምታነሳቸው። «አይ ልጄ፣ ዛሬስ ጣልከኝ!» እያሉ ይስቁ ነበር። አንተ ስትሄድ እኔ ብቻዬን ሞከርኩ። አንድ ቀን እሳቸውም እኔም መሬት ላይ ቀረን። ከድጃ ገብታ እስክታገኘን ድረስ እኔ አለቅሳለሁ፣ የወደቁት እሳቸው እኔን ያባብላሉ።

ያን ቀን ነው ከድጃ ሴቶቹን ማስተባበር የጀመረችው። መጀመሪያ መልክ አልነበረውም። ሁሉም በአንድ ቀን ቆጮና ጎመን ይዞ ይመጣል፣ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ «ይማርዎት» ይላል፣ ይሄዳል። በገበያ ቀን ደግሞ ሁሉም ቡታጅራ ይወርድና ቤቱ ወና ይሆናል። እናትህ ረጥበው ይውላሉ። ከድጃ አንድ ቀን ተቆጣች። «ምግብ ማምጣትማ ለመንገደኛም ይደረጋል። እማማ ትርፌ የቸገራቸው እጅ ነው። እጃችሁን ይዛችሁ ኑ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ተራ ወጣ። ጠዋት ሁለት ሴቶች መጥተው ያጥባሉ፣ የተኙበትን የእንሰት ቅጠል አንስተው ሌላ ያነጥፋሉ፤ ማታ ሌሎች ሁለት ይመጣሉ። ክንደኛዋ ከትዕግሥተኛዋ ጋር እንድትጣመር አደረግን፤ ሁለት ክንደኞች የተገናኙ ቀን እናትህን እንደ ጆንያ ነበር ያነሷቸው። ክርስቲያኖቹ እሑድ እንዲያርፉ፣ ሙስሊሞቹ ዓርብ እንዲያርፉ ሆነ። የታመመች ምትክ ትልካለች። እናትህ ቀስ በቀስ በእጁ አነካክ ብቻ ማን እንደመጣ መለየት ጀመሩ። «የብርቄ ምራት፣ ደግሞ እጅሽ ቀዘቀዘ፤ እሳት ሙቂ» ይላሉ።

ነገሩን ያበላሸው ውሸታችን ነው። ሞትህን ለተራኞቹ ሴቶች በስውር ነገርናቸው እንጂ ለእናትህ ስለ አንተ ምን እንደምንላቸው አልተማከርንም ነበር። ከድጃ አዲስ አበባ ገብተህ ጨው እንደምትነግድ ነገረቻቸው። ብርቄ የለም፣ እዚያው መንገድ ላይ አለቃ ሆኗል አለች። ምራቷ ድንጉጥ ናትና እግሩን ትንሽ አሞት ነው አለች። እናትህ ሁሉንም አዳመጡ። አንድ ምሽት «ደስታ» አሉኝ፣ «ልጄ እግሩን የሚያመው የጨው ነጋዴ አለቃ ሆኗል አሉ። ይኼ ሁሉ በረከት ከየት ወረደልን?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ሴቶቹን ለምኜ ወሬውን አንድ አደረግነው፤ መንገዱ ሲያልቅ ይመጣል ተባባልን። ይህ አንዱ ከሦስቱ የባሰ ሆነ፤ የሚታመን ነበርና።

ከዚያ መስቀል መጣ። ያገራችን ሰው ከየትም ይሁን ከየት ለመስቀል እናቱ ደጃፍ ይደርሳል። ዘንድሮም ከመንገድ ሥራ የተለቀቁ ጥቂቶች መጡ። ቀኑን ሙሉ ከቤታችን ፊት ባለው መስክ ላይ ኮቴ ይሰማ ነበር። እናትህ በእያንዳንዱ ኮቴ አንገታቸውን ቀና፣ ከዚያ ደግሞ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ሲመሽ ቅቤ የነካው ነገር አልቀምስም አሉ፤ «እሱ ሲመጣ»። ከዚያች ቀን ጀምሮ አልገላበጥም አሉ።

ምክንያቱ ቶሎ አልገባንም። በቀኝ ጎናቸው ተኝተው መዋል፣ በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ማደር ሆነ። በጀርባቸው እንዳይተኙ ወገባቸው አይፈቅድም። ወደ ግራ ልናዞራቸው ስንነካቸው የመደቡን ጫፍ ጨብጠው ይጮሃሉ። ብርቄ «ሲያረጁ በግ፣ ሲቆጡ በሬ ሆኑብን» ብላ ተበሳጨች። አንድ ጠዋት ትራሳቸውን ሳስተካክል ነው የገባኝ። ቀኝ ጆሯቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደማይሰማ ታውቃለህ። የሚሰሙት በግራው ብቻ ነው። በግራ ጎናቸው ካስተኛናቸው ደህናው ጆሮ ትራስ ውስጥ ሊቀበር ነው፤ ኮቴህም ሊያመልጣቸው። ጠየቅኋቸው፤ አልሸሸጉኝም። «ዓይን የለኝ፣ እግር የለኝ፤ ልጄን የምቀበልበት ይቺ ጆሮ ብቻ ቀርታኛለች። እሷን ትደፍኑብኛላችሁ?» አሉኝ።

ትራሱን ባለበት ተውኩላቸው። ዳሌያቸው መጀመሪያ ቀላ። ቀጥሎ ቆዳው ተገፈፈ። አሁን ጎድጉዷል። በጨው ውሃ እናጥበዋለን፣ ማር እናደርግበታለን፤ ግን ቀንም ሌሊትም የሚተኛበት ቁስል በምን ይድናል? ቅጠሉን በቀን ሦስቴ ብንለውጥም ሽታው አልለቀቀም። ከትናንት ወዲያ ከድጃ አጥባቸው ስትወጣ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። «ደስታ፣ በዚህ ከቀጠለ ጥርን አያዩም» አለችኝ። ልባቸውን ልናተርፍ ብለን ጎናቸውን አበሰበስነው፣ ሽብሩዬ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር እያልኩ ስገላበጥ አድራለሁ። እኔ መገላበጥ እችላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጓሯችን እንሰት ፋቅን። ሴቶች እንሰት ለመፋቅ ሲሰበሰቡ ማንም ፈቃድ አይጠይቃቸውም፤ የኬላው ዘበኛም በአጥሩ አሻግሮ አየንና አለፈ። ሳንቃችንን አስደግፈን፣ የእንሰቱን ግንድ በአንድ እግራችን ጫን ብለን ይዘን፣ በቀርቀሃው መፋቂያ እየፋቅን ስለ መርዶው መከርን። የመፋቂያው ድምፅ ወሬያችንን ይሸፍንልን ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው ብርቄ ናት። «እኔ በሆዴ መያዝ አልችልም» አለች። «እስከ ዛሬ ተራዬ ደርሶ ስመጣ፣ ሽብሩ ሲመለስ ለኔም ቤት ጉልበቱን ይዞ ይመጣል እላለሁ። ሞቶ ሳለ እንዲያ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ልማዳችን ነዋ፤ የመጣልህን ትመልሳለህ። ነገ መርዶው ከተነገረ ሁሉም ይህን ማሰብ ይጀምራል። ያን ጊዜ እማማን ማን ሊያነሳ ይመጣል?»

ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ ይኸው ነበር። ተራው ከፈረሰ ዘመዶችህ በቃሬዛ ወደ ቡኢ ይወስዷቸዋል። በዚያ ቁስል፣ በዚያ ወገብ፣ ግማሽ መንገድ አይደርሱም። እኔ በሰው ፊት እንደማልናገር ታውቃለህ፤ ዛሬ ግን አፌ ራሱ ተከፈተ። «እኔም ልጅ የለኝም» አልኩ። «አንድ ቀን እኔም በአንድ ጎኔ እቀራለሁ። አንቺም ብርቄ ልጆች ቢኖሩሽም ለመንገድ ይወስዱብሻል። ያን ጊዜ የሚያገላብጠን ሽብሩ ነው ወይስ እዚህ የተቀመጥነው?» ብርቄ መፋቋን ሳታቆም «እኔን የምታነሱ ጊዜ ምላሴን ደግፉ፤ ከሰውነቴ የሚከብደው እሱ ነው» አለች። ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ምራቷ ያን ዕድል አግኝታ፣ ቀስ ብላ፣ የላይኛውን ቤት ሽባ ሰውዬ ስም አነሳች፤ ሚስቱ ብቻዋን በቁርበት ላይ ነው የምትጎትተው አለች። እሱንም ተራው ውስጥ አስገባነው። ተራው እንግዲህ የአንተ ቤት ብድር መሆኑ ቀርቶ መነሳት ላልቻለ ሁሉ ሆነ። እኔ ግን አፍ የተናገረውን ክንድ ይፈጽመው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። በእርሻ ጊዜ፣ በዘር ጊዜ፣ ሰው ሲደክመው ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

መርዶው ነገ ጠዋት እንዲሆን ተስማማን። ሽማግሌ የለምና ቃሉን ማን ያውጣ ሲባል ሁሉም ወደ ሳንቃው አጎነበሰ። በመጨረሻ ብርቄ «እኔ አለሁ፤ ምላስ ለዚህ ካልሆነ ለምን ተሰጠኝ?» አለች። ልቅሶው ኬላው ድረስ ከተሰማስ ተባለ። «እንሰት ስንፍቅ እጃችንን ቆረጥን እንላለን» አለች ከድጃ።

አሁን እንግዲህ ፈርቻለሁ። ልባቸው ቢቆምስ? ባያምኑንስ? አምነው እህል አልቀምስም ቢሉስ? ይህን ሁሉ ወር በውሸት ያጠብነውን ገላ ዳግመኛ አላስነካም ቢሉን፣ ምን ፊት አለኝ? ፊደሌ ተንጋድዷል፤ አንተ ታነበዋለህ። ጨውና ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እሳት ውስጥ ልትጥል ስትል እጅህን እየያዝኩ፣ በቃሌ ከማውቀው ዳዊት ጋር እያመሳሰልኩ ነበር ፊደል የለቀምኩት። «የኔ ሚስት ወረቀት ትበላለች» እያልክ ለመንደሩ ታወራ ነበር። ግን ከገበያ ስትመለስ ባዶ ወረቀት ኪስህ ውስጥ አጣጥፈህ ያላመጣህበት ቀን አልነበረም። ይህን የምጽፈው ኬላው የጣለው የዱቄት ከረጢት ላይ ነው።

ተዝካርህ አልወጣም። ሰው መሰብሰብ ሲፈቀድ አወጣዋለሁ። እስከዚያ ግን እንዲህ አድርጌ እይዝሃለሁ፦ ለተራ አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር አንድ እጅ ከአንገት ሥር፣ አንድ እጅ ከጉልበት ሥር፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ብዬ አሳያታለሁ። ከየት ተማርሽው ብትለኝ ስምህን እነግራታለሁ። እኔ ስረሳ እንኳ እጄ አይረሳህም።

እናትህ ነቁ። ውሃ ይፈልጋሉ።

ማግስቱን ጠዋት።

ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ። እሳት አነደድኩ፣ ውሃ ጣድኩ፣ ጨው ጨመርኩበት። ከድጃ ሰግዳ መጣች። ብርቄና ምራቷ ሳንቃና ቀርቀሃ ተሸክመው ደረሱ፤ መንገድ ላይ ለሚያያቸው ብለው ነው። እናትህ «ዛሬ ምነው በዛችሁ?» አሉ። ምራቷ ከራስጌ፣ ከድጃ ከግርጌ ሆነው ያዟቸው። ብርቄ ፊታቸው ቆመች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ያ ምላስ እንቢ አለ። እንባዋ ብቻ ወረደ።

እኔ ተንበረከክሁ። እጃቸውን ይዤ ወደ ግራ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «እማማ፣ ሽብሩ በክረምት ዐርፏል» አልኳቸው።

አልጮሁም። «የት?» አሉ። «ቆላ» አልኩ። «ሲቀበር ሰው ነበረ?» አሉ። «ነበረ፤ አብረውት የሚሠሩት ሁሉ» አልኩ። እሱን ሲሰሙ ነው እሪ ያሉት። እንዲያ ያለ ድምፅ በዚያ ሰውነት ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። እኛም እስከ ዛሬ የዋጥነውን ለቀቅነው። የጎረቤት ቤቶች አንድ በአንድ መለሱ። የኬላው ዘበኛ እስከ አጥሩ መጣ፤ በርጋ አብሮት ነበር። በርጋ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ዘበኛው ተመለሰ፤ በርጋ ግን ገብቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ።

ፀሐይዋ ደጃፉን ስታልፍ እናትህ ዝም አሉ። ጨብጠውት የነበረውን የመደቡን ጫፍ ለቀቁ። «እንግዲህ አዙሩኝ» አሉ።

አንድ እጄን ከአንገታቸው ሥር፣ አንዱን ከጉልበታቸው ሥር አስገባሁ። ከድጃ ወገባቸውን ደገፈች። ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ፣ በግራ ጎናቸው አስተኛኋቸው። ደህናው ጆሮ ትራሱ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የምንለውን አልሰሙም፤ ስለዚህ እጃቸውን ነው የምናናግረው። ቁስሉን በጨው ውሃው አጠብኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ፣ ማር ቀባሁ፣ ሳልሸፍነው ነፋስ እንዲያገኘው ተውኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየሁት። ከፈራሁት ይሰፋል፤ ጠርዙ ላይ ግን አዲስ ቀይ ሥጋ አለ።

ከድጃ የማታው ተራ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ብርቄ «የኔ ነው» አለች። ማንም ሳይጠይቃት ደገመችው።

እኔ የተነሳውን ቅጠል ይዤ ጓሮ ወጣሁ፤ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። እጄን ታጠብኩ። ከእንሰቱ ለማታ የሚነጠፍ ሰፋ ሰፋ ያለ ቅጠል ቆረጥኩ፣ መሐሉን ሰነጠቅሁ፣ እንዲለሰልስ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት።